የደብሪቱን መርዶ ማን ይንገር

ደብሪቱ ስትሞት መርዶ የሚነገረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አባቷ። ሌላ ዘመድ የላትም ማለቴ አይደለም። ግን ስልክ የለም፣ መኪና የለም፣ ከተማችን መርሳ ከቀረው አገር ተቆርጣለች። ደሴ ያሉት አክስቶቿም ሆኑ ጅዳ የቀሩት ጓደኞቿ ሊሰሙ የሚችሉት ጦርነቱ ሲያበቃ ነው። የቀሩት አባቷ ጋሽ ካሣው ነበሩ። እሳቸው ደግሞ ከእኛ ዐሥር እርምጃ ርቀው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ጉልበታቸውን እያሻሹ፣ «ይቺ ልጅ የት ሄደች?» ይሉ ነበር።

እኛ ጋ መርዶ ሥርዓት አለው። ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፤ ጎህ ሲቀድ፣ ሰውዬው ወደ ሥራው ሳይወጣ ይደርሳሉ፤ ነገሩን ቀስ አድርገው ያወርዳሉ። ልጁ ሞታበት ሳይሰማ የዋለ ሰው ካለ ነውሩ የጎረቤቱ ነው። ይህን ሥርዓት እኔም አከብረዋለሁ፤ የአባቴን ሞት ያረዱኝ እንዲሁ ነው። ግን ጋሽ ካሣው ጠዋት የሰሙትን ከምሳ በፊት የሚረሱ ሰው ነበሩ። ለእንዲህ ያለ ሰው መርዶ እንዴት ይነገራል? ይህን ልትነግረን የምትችለው ደብሪቱ ነበረች። ደብሪቱን ደግሞ ገና አሁን ቀብረናት መመለሳችን ነበር።

እኔ ታደለ እባላለሁ፤ ጎሚስታ ነኝ። ሥራዬ የከባድ መኪና ጎማ መፍታትና መለጠፍ ነው፤ ስለ ሰው መጻፍ አልለመድኩም። ይህችን ሴት ግን ሳልጽፍላት ብቀር የሚጽፍላት የለም።

ደብሪቱን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አውቃታለሁ። ቤታችን አንድ ግንብ ይጋራል። ግንቡን የሠሩት አባቷ ናቸው። ጋሽ ካሣው ግንበኛ ነበሩ፤ መርሳ ውስጥ ሳይንጋደድ የቆመ የድንጋይ አጥር ካያችሁ የእሳቸው ነው ብትሉ ብዙ አትሳሳቱም። እናቷ ቀደም ብለው ስለሞቱ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሲሞላት ወደ ሳውዲ ሄደች። በፓስፖርቷ ላይ ስሟ ዘይነባ ሆነ። በእኛ አካባቢ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከወረዳችን ከሐብሩ ማተቧን ሻንጣ ውስጥ ደብቃ የሄደች ስንት ዘይነባ አለች። ዘጠኝ ዓመት ቆይታ ስትመለስ አንድ ልማድ ይዛ መጣች፤ «ወላሂ!» ብላ ትምልና፣ ወዲያው ደንግጣ ታማትባለች። በዚህ ስንት ሳቅን።

ቁመቷ አጭር፣ እርምጃዋ ፈጣን ነው። ስትናደድ ድምፅዋ ከፍ አይልም፤ ዝቅ ይላል። ዝቅ ባለ ቁጥር መሸሽ ነው። ስትሠራ ታንጎራጉራለች፤ ዜማው የወሎ፣ ግጥሙ ግን ከአማርኛና ከዐረብኛ የተቀላቀለ፣ የራሷ ፈጠራ። ጅዳ የሄደችው ለቤት ሠራተኝነት ነበር፤ የቆየችው ግን አንዲት አሮጊት ስታስታምም ነው። አሮጊቷ የገዛ ልጆቿን ስም የረሳች፣ ኩሽናዋ ውስጥ የምትጠፋ ሴት ነበረች። ደብሪቱ በሽታውን የምትጠራው እዚያ በለመደችው ስም ነው፤ ዛሃይመር።

አንድ ቀን ሱቄ ደጃፍ ቆማ የነገረችኝን አልረሳም። ከሐብሩ፣ ከወልድያ፣ ከውርጌሳ የሄዱ ሴቶች በየዓርቡ ጅዳ አንድ ክፍል ውስጥ ይሰበሰቡና ስለ አሠሪዎቻቸው ያወሩ ነበር። ከእነሱ መካከል የሚረሳ ሽማግሌ የሚጠብቁ አራት አምስት ነበሩ። ሁሉም የተስማሙበት አንድ ነገር ነበር።

«የሀብታም በሽታ ነው እንል ነበር፤» አለችኝ። «ልጆቿ ለሠራተኛ ጥለዋት፣ በቀዝቃዛ ክፍል ተዘግቶባት፣ ማን አውርቷት ታስታውስ? እኛ አገር ሽማግሌ ሰው መሀል ነው የሚውለው፣ አይረሳም እንል ነበር። እኔ ደግሞ ከሁሉም ጮክ ብዬ ነበር የምለው፣ ታደለ። ኮርቼ!»

«ውሸት ነው እንዴ?»

«አባቴን አታይም?»

ያን ጊዜ ስለ ስልኩ ነገረችኝ። በየሳምንቱ ትደውላለች። አባቷ በየሳምንቱ አንድ ነገር ይላሉ፤ ደህና ነኝ፣ ዝናቡ ጥሩ ነው፣ ላሚቱም ደህና ናት። ላሚቱ ከሞተች ቆይታለች። ደብሪቱም መሞቷን ታውቃለች። ግን አባት ልጁን እንዳትጨነቅ ሊያጽናናት የሚለው ነገር መሰላት።

«ማዳሜ ሻይዋን ሁለቴ ስትጠይቀኝ ወዲያው ገብቶኛል፤» አለች። «አባቴ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ የሞተች ላም ሰላም ትልሻለች ሲሉኝ አልገባኝም። በሰው እናት ላይ ያየሁትን በገዛ አባቴ ላይ አላይም አልኩ።»

ለሁለት ወር ዕረፍት ብላ መጣች። በሩን የከፈቱላት ጋሽ ካሣው ራሳቸው ናቸው። «ግቢ የኔ ልጅ፤ ደክሞሻል፣ ከየት ነው የመጣሽው?» አሏት። ውኃ ሰጧት። ከዚያም አረብ አገር ያለች አንዲት ልጅ እንዳለቻቸው አጫወቷት። ደብሪቱ ሻንጣዋን ሳትከፍት እስኪመሽ ድረስ ስለ ራሷ ስትሰማ ዋለች። «እንዴት ያለች ልጅ ናት?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ጎበዝ ናት፤ ትዘገያለች እንጂ» አሏት። በማግስቱ የመመለሻ ትኬቷን ቀደደችው።

ሰፈሩ ዝም አላለም። አንዱ መተት ነው አለ፤ አንዱ ከግንብ ላይ ወድቀው ጭንቅላታቸው ተመትቶ ነው አለ። እትዬ ብርቄ ደግሞ፣ ደብሪቱን ያዋለዱ፣ ባላቸው ከሞተ ጀምሮ የሰፈሩን ሐዘንና ደስታ ሁሉ የሚያዙ ሴት፣ ፊት ለፊት ተናገሩ። «ናፍቆት ነው ያጃጀው። ዘጠኝ ዓመት! አንድ ልጅ አለችው፣ እሷም ባሕር ማዶ። ታዲያ ምን ይሁን?» አሉ። በክፋት አይደለም የተናገሩት። ግን ያቺ ቃል ደብሪቱን ስንት ቀን እህል እንዳስጠላቻት እኔ አይቻለሁ።

ከአረብ አገር የተመለሱት ሴቶች ሌላ ነገር ነበራቸው። ሰው ፊት ሲያገኟት «ከዚያ ይዘሽው መጥተሽ ይሆናል» እያሉ ይቀልዱባታል፤ ብቻዋን ሲያገኟት ግን ድምፃቸውን ቀንሰው «እናቴ ወጡ ላይ ጨው ሁለቴ መጨመር ጀምራለች» ይሏታል። አንዷ ከሲሪንቃ ድረስ መጥታ ግንቤን ተደግፋ ስታለቅስ ሰምቻለሁ። ጅዳ ሆነው የሀብታም በሽታ ነው ብለው የተማማሉበት ነገር በእያንዳንዳቸው ቤት ተቀምጦ ሲጠብቃቸው ነበር። ደብሪቱ ለሁሉም የምትሰጠው መልስ አንድ ነው። «መጀመሪያ መፈተን ተዉ።»

ይህን የፈተና ነገር የተማርኩት ተዋርጄ ነው። እናንተም ታደርጉታላችሁ፣ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ አደርገው ነበር። ሽማግሌ ሰው ቤት ገብታችሁ፣ ጉልበት ስማችሁ፣ እጃቸውን ይዛችሁ «አወቁኝ?» ትላላችሁ። አክብሮት ይመስለናል። እኔም አንድ እሑድ ሰው በተሰበሰበበት የጋሽ ካሣውን እጅ ይዤ «አወቁኝ ጋሼ?» አልኳቸው። ፈገግ አሉ። ዓይናቸው ከፊቴ ወደ ልብሴ፣ ከልብሴ ወደ ጫማዬ ሄደ። «እንዴት አላውቅህ!» አሉ። «እስቲ ማን ነኝ?» አልኩ፤ ጅል። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። እጃቸው እጄ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል።

ደብሪቱ ክንዴን ይዛ እስከ ደጅ ሸኘችኝ። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር።

«ሰው በገዛ ቤቱ ይፈተናል እንዴ ታደለ? ወድቆ ደስ ሊልህ ነው?»

«እኔ እኮ…»

«ስምህን ተናግረህ ግባ። ታደለ ነኝ፣ ጎረቤትዎ፣ ጎማ የምለጥፈው በል። ከዚያ አወቁህ አላወቁህ ምን ገዶህ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ደጃፍ ስሙን ሳይናገር የገባ የለም። እትዬ ብርቄ ተቆጡ። «እኔ ብርቄ፣ እምብርትሽን የቆረጥኩት፣ እንደ እንግዳ ስሜን ልናገር?» ብለው ሳምንት ቀሩ። ከዚያ ናፈቃቸው መሰለኝ፣ አንድ ጠዋት ከአጥሩ ውጭ ቆመው «ብርቄ ነኝ! ብርቄ! ሰማህ ካሣው?» እያሉ ሲጮሁ መንደሩ ሳቀ። ጋሽ ካሣው «ብርቄ ከሆንሽማ ግቢ» አሉ። እትዬ ብርቄ ገብተው ቀኑን ሙሉ አልወጡም።

ደብሪቱ አባቷን ወደ ጤና ባለሙያም፣ ወደ ጸበልም ወስዳለች። አንዱን ለሌላው ብላ አልተወችም። መዳን እንደማይኖር ግን ከጅዳ ጀምሮ ታውቃለች። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትፈልገው። «እንዲድኑ አይደለም የምለምነው፤» አለችኝ። «ሳይፈሩ እንዲኖሩ ነው። ሳይፈሩ ከሞቱ ይበቃኛል።»

ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

ተኩሱ ከወልድያ ወዲህ ሲሰማ መርሳ ነቅላ ወጣች። ሚስቴንና ልጆቼን በጭነት መኪና ወደ ደሴ ሰደድኳቸው፤ እኔ ሱቄን ቆላልፌ በእግሬ ተከተልኩ። ውርጌሳ ስደርስ ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶታል። ፍራሽ የተሸከመ፣ ፍየል የሚጎትት፣ ጣቢያ የሚፈልግ ሬዲዮ ጆሮው ላይ የለጠፈ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ሁለት ሰዎች በተቃራኒ ሲመጡ አየሁ። ደብሪቱ አባቷን በክንዷ አቅፋ ወደ መርሳ እየተመለሰች ነው። ጉንጯ አብጧል።

«አብደሻል?» አልኳት።

«ሌሊቱን ትምህርት ቤት ውስጥ አደርን፤» አለች። «ሲነቁ የማያውቁት ጣሪያ፣ የማያውቁት ሰው። እኔንም ሌባ መስዬአቸው መቱኝ። ሲጮኹ ያደሩትን አልሰማህም እንጂ። እቤታቸው እኮ በሩን በእጃቸው ያውቁታል። እቤታቸው ካልሆኑ የቀራቸውን ሁሉ በአንድ ሳምንት ያጣሉ።»

«እዚያ ሞት ነው ያለው፣ ደብሬ!»

«እዚህም አየሁት» ብላኝ አለፈች።

ስለ እሷ ብዬ ተመለስኩ ብል ደስ ባለኝ። እውነቱ ግን የመለሰኝ ጎማ የምነፋበት ኮምፕረሰሬ ነው፤ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልፋቴ እሱ ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ራሴን ከረገምኩ በኋላ ተከተልኳቸው። ኮምፕረሰሩን ከተማዋን የያዙት ታጣቂዎች በሳምንቱ ወሰዱት። እኔም ተመልሼ መውጫ አጣሁ።

በእነዚያ ወራት መብራት የለም፣ ወፍጮ የለም፣ ገበያ የለም። ማሽላ ቀቅለን እንበላለን። ሰው ከቤቱ የሚወጣው ሲቸግረው ነው። እኔ ግን ብዙ ጊዜ ደብሪቱ ቤት እውል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በመርሳ ውስጥ ፍርሃት የሌለበት ቤት ያ ብቻ ነበር። ከባድ መሣሪያ ሲያጓራ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ጋሽ ካሣው ቀና ይላሉ።

«ድንጋይ እየፈለጡ ነው?»

«አዎ አባዬ፤ ለመሠረት ነው» ትላለች ደብሪቱ።

«ያብዙት። መሠረት ላይ ስስት የለም።»

መጀመሪያ ጥርሴን ነክሼ ነበር የምሰማት። ሲውል ሲያድር ግን እኔም ተኩስ ሲሰማ በልቤ ለመሠረት ነው ማለት ጀመርኩ። አልተሸነገልኩም። ግን እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

አንድ ረፋድ ታጣቂዎች መጡ። ሦስት ናቸው። መሣሪያ የደበቀ ቤት እየፈተሹ ነበር፤ በሩን በእግራቸው ገፍተው ግቢ ውስጥ ቆሙ። ጋሽ ካሣው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ያ ጎንበስ ብሎ የሚሄድ ሰውነት ቀጥ አለ።

«አሁን ነው የሚመጣው?» ብለው አፈጠጡባቸው። «ፀሐይ የት እንደደረሰች አታዩም? ጭቃው ደረቀ እኮ! በሉ ድንጋይ አቀብሉ!»

ከፊት የነበረው ጠመንጃውን አስተካከለ። ደብሪቱ ፈጠን ብላ በመሀላቸው ገባች። አላለቀሰችም፣ አልለመነችም። ሰላም እንደምትል ጎረቤት ቀረብ ብላ በዝቅተኛ ድምፅ ተናገረችው።

«አባቴ ናቸው፤ ግንበኛ ነበሩ። ለሥራ የመጣችሁ መስሏቸው ነው። አንድ ድንጋይ ብቻ አንሣላቸውና ይረጋጋሉ። ከዚያ ቤቱን ፈትሹ።»

ሰውዬው አያት። ሽማግሌውን አየ። ጢሙ የሸበተ፣ በዕድሜ ከእኔ የማያንስ ሰው ነበር። ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዙሮ ጎንበስ አለና ከአጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ አነሣ። ጋሽ ካሣው «በዚህ ፊቱ አይደለም፤ ለስላሳው ወደ ውጭ» አሉት። አዞረው። «እንዲያ!» አሉት። ሰዎቹ ቤቱን እንደ ነገሩ አይተው ወጡ። ደብሪቱ በሩን ዘግታ ጀርባዋን ሰጠችንና ግንባሯን በሩ ላይ አሳረፈች። አባቷ ግን ረክተው ተቀምጠዋል።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ ወባ ገባ። ደብሪቱ ትኩሳቷን ደበቀችን። ብርድ ብርድ ሲላት ማሽላ በድንጋይ ለመፍጨት ትቀመጣለች፤ መንቀጥቀጧ ከመፍጨቱ የመጣ እንዲመስለን። በአራተኛው ቀን መነሣት አቃታት። የመርሳ መድኃኒት ቤቶች መደርደሪያቸው ባዶ ነው። ሲሪንቃ አንድ የማውቀው ጤና ረዳት ነበር፤ በማሳ በማሳ አሳብሬ በእግሬ ሄድኩ። አንድ ቀን ተኩል ፈጀብኝ። ኪኒኑን ካልሲዬ ውስጥ ደብቄ ስመለስ፣ እትዬ ብርቄ ደጃፍ ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ሳይነግሩኝ ገባኝ። ኪኒኑን ምን እንደማደርገው አላውቅም ነበር፤ ከካልሲዬ አውጥቼ በእጄ ያዝኩት።

«ምን አለች?» አልኳቸው።

«አባዬ በልቷል? አለች። ሌላ አላለችም።»

በዚያው ቀን ቀበርናት። ስምንት ሰው ነበርን። ጋሽ ካሣውን አንዲት ጎረቤት እቤት ይዛ ዋለች። ከቀብር መልስ ነው የመርዶው ነገር የተነሣው። ይቅር አልኩ። እትዬ ብርቄ እንዲያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም።

«ይቅር? ያሳደጋት አባቷ ሳያለቅስላት አፈር ትሁን? ሰው አይደለችም? የረሳ እንደሆነ ይርሳ፤ ዕንባውን ግን ትውሰድ። ይህንንስ ከነሳናት ምን ቀራት?»

አሁንም ቢሆን እትዬ ብርቄ ተሳስተው ነበር ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም።

ጎህ ሲቀድ ሁለት ሽማግሌዎችና እሳቸው ገቡ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ነገሩን እንደ ወጉ አወረዱት። ጋሽ ካሣው «ደብሪቱን? የኔን ደብሪቱን?» ብለው ተነሡ። ለአንድ ሰዓት ያህል ምንም ያልረሱ ሰው ሆኑ። የተወለደችበትን ዕለት፣ የመጀመሪያ ጥርሷን፣ አረብ አገር ስትሄድ የለበሰችውን ቀሚስ ሳይቀር እየጠሩ አለቀሱ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደብሪቱ አንድ ቀን እንዲጠሯት ስትጠብቅ የነበረውን ስሟን መቶ ጊዜ ጠሩት።

ረፋድ ላይ ጸጥ አሉ። ትንሽ ቆይተው ዙሪያቸውን አዩና፣ «ይቺ ልጅ የት ሄደች? ምሳ አታቀርብም?» አሉ።

እትዬ ብርቄ አልሰሙም ይሆናል ብለው ደግመው ነገሯቸው። እንደ መጀመሪያው ሆነ፤ ያው ጩኸት፣ ያው ደረት መምታት። ከሰዓት ለቅሶ የሚደርሱ ሰዎች መጡ። እያንዳንዱ «እግዜር ያጥናዎ» ይላቸዋል። «ማን ሞቶ ነው?» ይላሉ። እያንዳንዱ ይነግራቸዋል። በማግስቱም እንዲሁ። ሁሉም የሚገባውን ነው ያደረገው፤ ማንም ክፉ አልነበረም። እኔም አንዴ ነግሬአቸዋለሁ፤ እጄን ይዘው «ንገረኝ እንጂ!» ሲሉኝ ጨንቆኝ። በሁለት ቀን ውስጥ ያ ሰው ልጁን ስንት ጊዜ እንደ ቀበረ መቁጠር ተውኩ። መብላት አቆሙ። ከዚያ በፊት አይቼባቸው የማላውቀው ነገር ዓይናቸው ውስጥ ገባ፤ ሰው በገባ ቁጥር ወደ ግድግዳው ይሸሻሉ። ፈሩ። ደብሪቱ ከጅዳ መጥታ፣ ከውርጌሳ ተመልሳ፣ ወባዋን ደብቃ የጠበቀቻቸው ከዚህ ነበር፤ እኛ በሁለት ቀን አፈረስነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ባዶ ሱቄ ውስጥ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ አለቅስ ነበር። ሰው ያያል አላልኩም። ቀና ስል ጋሽ ካሣው ከፊቴ ቆመዋል። እትዬ ብርቄ ዞር ሲሉ ወጥተው ይሆናል።

«ምን ሆነሃል?» አሉኝ።

«ምንም አልሆንኩም ጋሼ።»

«ለምንም አይለቀስም። ማን ሞተብህ?»

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። አልቻልኩም። «እህቴ» አልኳቸው።

ቆባቸውን አወለቁ። አጠገቤ ጎማው ላይ ተቀመጡ። «እግዜር ያጥናህ፤» አሉ። «ምን አገኛት?»

«ወባ።»

«ልጅ ነበረች?»

«አርባ አንድ ዓመቷ ነው።»

«ልጅ ናት።» እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። ያ ድንጋይ ሲፈልጥ የኖረ እጅ ከባድ ነበር። አልተንቀጠቀጠም። «ወላጅ አላት?»

«አባት አሏት።»

«ማን አለ አጠገቡ?»

የጎማውን ጥርስ በጥፍሬ መፋቅ ጀመርኩ።

«እኮ፣ ማን አለው?»

«ብቻቸውን ናቸው፣ ጋሼ።»

ተነሡ። ተቆጡኝ። «ታዲያ እዚህ ምን ጎልቶሃል? ሰው ልጁ ሞታበት ብቻውን ይቀመጣል? ተነሥ፣ ቤቱን አሳየኝ!»

ክንዳቸውን ይዤ ወጣሁ። ሌላ የምወስዳቸው ቤት አልነበረኝም። ግንባችንን ዞረን ደጃፋቸው ደረስን። እትዬ ብርቄና ሁለት ሦስት ሴቶች ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ ካሣው በሩ ላይ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ፤ «እግዜር ያጥናችሁ» አሉ። እንደ እንግዳ ከጥግ ተቀመጡ። ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ ሰበሰቡና ማልቀስ ጀመሩ። ጩኸት የለም፣ ደረት መምታት የለም። ዕንባቸው ብቻ በጉንጫቸው ይወርዳል። «አርባ አንድ ዓመት» ይላሉ በመሀሉ። «ምነው፣ ምነው ልጄ።» ደብሪቱ ዕንባዋን ያገኘችው ያን ጊዜ ነው፤ የፈራ ሰው ዕንባ አልነበረም።

እትዬ ብርቄ ሊናገሩ ከንፈራቸውን አላቀቁ። እኔ አየኋቸው። ቃሉ አፋቸው ላይ እንደ ደረሰ አውቃለሁ። ጋሽ ካሣው ቀና ብለው ቤቱን በዓይናቸው ዞሩት።

«አባትየው የታለ?» አሉ።

እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። «ይመጣል ካሣው፤» አሉ። «አሁን ይመጣል።»

«እንግዲያው እስኪመጣ አንሄድም» አሉ ጋሽ ካሣው፤ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለውም አጠገባቸው ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ለቀቁ።